ስምና ምስማር

የቪልሞሽ መሰላል አሥራ አንድ እርከን ነበረው፤
ሦስተኛው ተሰብሮ በሲባጎ አሰረው።
አያቱ ለአባቱ፣ አባቱ ለእርሱ፣
ከመዶሻው ጋራ ይኸው ነበር ውርሱ።
ማዘጋጃ ቤቱ ሲልክባቸው ይወጣሉ፣
የጎዳናውን ስም አውርደው ሌላ ይሰቅላሉ፣
ሥራችሁ ምንድን ነው ሲባሉ፣ “መስቀል ነው” ይላሉ።

እኔ ያኔ ተማሪ፣ የድልድይ ስሌት ቆጣሪ፣
እርሱ ከሥሬ፣ ምድር ቤት፣ ከሚስቱ ጋር ነዋሪ።
በእኔ ሰባራ ሀንጋርኛ፣ በእርሱ ቀስታ አነጋገሩ፣
በቡዳፔሽት የዚያ ጎዳና ታሪክ ወጣ ከነሥሩ።

“በፊት ጎጆ ነበር” አለኝ፣ “የጫማ ሰፊ ሰፈር፣
አንድ የውሃ ጉድጓድ ለሰባት በር።
መሐንዲስ መጣና በካርታው ማስመሪያ አሳርፎ፣
ቀጥ ያለ መሥመር ጣለ፣ በሰው ምድጃ ላይ አልፎ።
ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ የሚያምር ከሩቅ ነው፤
መሥመሩ የነካው ሰው ዕቃውን በጋሪ ጫነው።

የጨረር ጎዳና ተባለ፣ ፀሐይ ሳትወጣለት፤
አያቴ ኤደ ነው የፊተኛውን ስም የሰቀለለት።
ኮቴ ጌቶቹን እንዳይረብሽ በእንጨት ተነጠፈ፣
ከሥሩም ባቡር እንደ ፍልፈል ቆፍሮ አለፈ።
ጨረሩ ብዙ አልቆየም፤ የመኳንንት ስም ተተካ፣
አንድራሺ ተባለ፤ ኤደም ወጣ፣ ቁመቱን ለካ።

ከዚያ የከበባው ክረምት። ያ ኮቴው እንዳይሰማ
እንጨት የተነጠፈለት ፈረስ፣
በረዶው ላይ ታረደና ለመንገደኛ ሆነ ጉርስ።

ቁጥር ስልሳን አትጠይቀኝ።”
(ሲጋራውን ለኮሰ። እኔም አልጠየቅሁትም።)
“ሁለት ጌታ ተፈራረቀበት፣ ምድር ቤቱ ግን አንድ በር፤
በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር።
እናቴ እጄን ጨብጣ ‘እርምጃህን ቁጠር’ ትለኝ ነበር።

‘ስታሊን’ የሚለው ሰሌዳ ከሌሎቹ ይከብዳል።
አባቴ ‘ብረቱ ወፍራም ነው’ ብሎ ሰው ፊት ይቀልዳል፤
ማታ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሾርባው ከማንኪያ ይወርዳል።

ከዚያ ያ ጥቅምት…” (በእኛ ቀመር አርባ ዘጠኝ መሆኑ ነው)
“ወጣቶቹ መሰላል አልፈለጉም፤ በትከሻ ተሸካክመው
የራሳቸውን ስም ጻፉ፣ ‘የሀንጋሪ ወጣቶች’ ብለው።
ኖራው ሳይደርቅ ታንክ መጣ።
እኔ መሰላል ደጋፊ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ያኔ፤
አባቴ ስሙን ሲፍቀው ኖራው ዘነበ በዓይኔ።”

ቀጥሎ የተሰቀለውን እኔም አውቀዋለሁ፣
“ሕዝባዊ ሪፐብሊክ” ነው፤ ደብዳቤ ተቀብዬበታለሁ።
አገሬም ያን ሰሞን ስሟን አስረዝማ ነበርና፣
ከረጅም ስም ወደ ረጅም ስም ነበር የመጣሁበት ጎዳና።

እሱም ወረደ። ያን ቀን መሰላሉን የያዝኩ እኔ ነበርኩ።
ቪልሞሽ አንድራሺን ታቅፎ ወጣ፣ ግድግዳውን ዳበሰ፤
የአያቱን ቀዳዳ አገኘው። ሳቀ፤
አቧራውን እፍ አለና ምስማሩን እዚያው መለሰ።
“ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላል ያገሬ ሰው” አልኩት፤
“እዚህ ከምስማር በታች ነው” አለኝ ከላይ። ዝም አልኩት።
ምስማር በእኔ ቋንቋ “ስማ” ይላል ከመሃሉ፤
መዶሻ ሲመታው ግን ማን ሊሰማው፣ የቆሙት ሁሉ
ወደ ሰሌዳው ነው የሚያዩ፣ ቀለሙን ነው የሚሉ።

ዘንድሮ ተመልሼ ሄድኩ። ሱቆቹ ሰዓት ይሸጣሉ፣
ዋጋ አይለጥፉም።
ቪልሞሽ የለም። ልጁ ኢቦያ ከጎን መንገድ አበባ ትሸጣለች፤
መሰላሉን ከበሩ አቁማ በየእርከኑ ማሰሮ ደርድራለች፤
ሦስተኛውን ባዶ ትታለች።
“አሮጌ ነው፣ ለምን አትጥዪውም?” ብላት
ውሃ ማጠጣቱን ሳታቋርጥ፣
“ማዘጋጃ ቤቱ መቼ እንደሚልክ አይታወቅም” አለች።